የማትሪክ ታሪክና የሴት ልጆች የጥናት ሰዓት

«ማትሪክ» የሚለው ቃል ከቋንቋችን ጋር ተዋዶ ከኖረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በዚህ ስም የሚታወቀው ፈተና ከቀረ ከሃያ ዓመት በላይ ቢያልፈውም፣ በማኅበራችን ውስጥ ዛሬም «የልጄ ማትሪክ ደረሰ» የምትል እናት አትጠፋም። በእኔ ዕድሜ ያለነው ደግሞ ፈተና ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን የ10ኛ ክፍሉ ነው። ልጆቹ «ኢንትራንስ» ይሉታል። ስሙ ሦስት ይሁን እንጂ ጭንቀቱ አንድ ነው።

ፈተናው ከየት መጣ፣ ሰው እንዴት ሲዘጋጅለት ኖረ፣ ሴት ልጆችስ በዚያ ውስጥ ምን ደረሳቸው የሚለውን ለእናንተ ለእህቶቼና ለደጋፊዎቻችን ለመተረክ አስቤአለሁ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም። ስለዚህ ነገሩን የማየው እንደ መዝገብ ነው፤ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ማን ከፈለ እያልኩ። ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከዘመናዊ ትምህርት በፊት በአገራችን ፈተና አልነበረም ማለት አይቻልም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን እየዘረፈ በመምህሩ ፊት ይፈተናል፤ በቃህ የሚለው መምህሩ ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት የሚባል ነገር ግን አልነበረም። ሴቶችም በዚያ ደጅ ብዙ አልታዩም። እንደ ዓይነ ስውሯ የቅኔ መምህርት እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉት ስማቸው ተለይቶ የሚነሳው ጥቂት ስለነበሩ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር ለወንዶች ነበር። በ1917 የተከፈተው ተፈሪ መኮንንም እንዲሁ። ለሴቶች ልጆች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1924 ዓ.ም. ነው። ከምኒልክ ትምህርት ቤት ጋር ሲነጻጸር ሃያ አራት ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ነው። ይህን ቁጥር መዝገብ ላይ ጻፉት፤ ኋላ እንመለስበታለን። ትምህርት ቤቱ ብዙም ሳይቆይ የጣሊያን ወረራ መጣ። ከነጻነት በኋላ እንደገና ሲቋቋም በኃላፊነት ከመሩት መካከል ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ይገኙበታል። እኚህ ሴት በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በወረራው ጊዜ ታስረው ወደ ጣሊያን የተጋዙ፣ በኋላም ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። አዳሪ ትምህርት ቤት ማለት ለልጅቷ አልጋና ምግብ መስጠት ብቻ አልነበረም። ውኃ አትቀዳም፣ ሊጥ አታቦካም፣ ታናሽ ወንድሟን አታዝልም ማለት ነው። ማታ ደወል ሲደወል መጽሐፏን ይዛ ትቀመጣለች። በዚያው ዘመን ለወንዶች የተከፈቱት ትልልቆቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ጄኔራል ዊንጌት፣ አዳሪ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ «ማትሪክ አላፊዎች» ጎበዞች መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን ለጉብዝናቸው ጊዜ ተገዝቶላቸዋል፤ የገዛላቸውም መንግሥት ነው።

መጀመሪያ የወሰዱት ፈተና የራሳችን አልነበረም፤ ጥያቄው ከለንደን ይመጣ ነበር። አገሪቱ የራሷ ኮሌጅ አልነበራትምና ያለፈው ተማሪ ወደ ውጭ ይላካል። በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማት መሪነት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። ሲጀመር የተማሪው ቁጥር ከአንድ የዛሬ መማሪያ ክፍል ብዙም አይበልጥም ነበር። የራሳችን የሆነው የኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቂያ ፈተና የለንደኑን ቦታ ተካ። ሕዝቡ ግን በድሮው ስም «ማትሪክ» እያለ መጥራቱን ቀጠለ። ፈተናውን በኋላ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም ያዘጋጀው ነበር። ከአማርኛው በስተቀር ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የገጠር ልጅ ፊዚክስን ከመመለሱ በፊት ጥያቄውን መረዳት ነበረበት።

ውጤቱ በፊደል ይሰጣል። የአምስት ትምህርቶች ውጤት ተደምሮ ሲካፈል ከፍተኛው 4 ነጥብ ይሆናል። «አራት ነጥብ ያመጣ ልጅ» የሚባለው ዝና ከዚያ የመጣ ነው። በሰፈር ውስጥ አንድ አራት ነጥብ ያመጣ ከተገኘ ስሙ ለዓመታት ይነሳል፤ ሌላው ልጅ ሁሉ ከእሱ ጋር እየተነጻጸረ ይወቀሳል።

በማትሪክ ዩኒቨርሲቲ ያልገቡ ብዙ ሴቶች የሄዱበትን መንገድ ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። በ1930ዎቹ የተቋቋመው የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ሁላችንም «ኮሜርስ» የምንለው፣ በጽሕፈትና በሒሳብ አያያዝ ብዙ ሴቶችን አሠልጥኖ በየመሥሪያ ቤቱ አስቀምጧል። በማታው ክፍለ ጊዜ ደግሞ ቀን እየሠሩ የሚማሩ ነበሩ። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ዩኒቨርሲቲው ብዙ ይጽፋሉ፤ ስለ ኮሜርስ ግን እምብዛም። እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ይህ ትንሽ ያስቀይመኛል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በታህሳስ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ፣ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ለማትሪክ ሲዘጋጅ የነበረ ትውልድ ደብተሩን ዘግቶ ፊደል ሊያስቆጥር ሄደ። ከዘመቻ ተመልሰው እንደገና የተቀመጡ አሉ፤ ከነጭራሹ ያልተመለሱም አሉ። የዚያን ዘመን ነገር ብዙ እናቶች ዛሬም በሙሉ አያወሩትም፤ እኔም አልነካካውም።

ማትሪክ እንደ ባህል የተሠራው በደርግ ዘመን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት በዘመኑ መጨረሻ አዲስ አበባ፣ አስመራና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ተፈታኙ በየዓመቱ እየበዛ ሄደ፤ ቦታው ግን ያንኑ ያህል አልሰፋም። ስለዚህ ዝግጅቱ ራሱ ሥራ ሆነ። በአዲስ አበባ ወመዘክር የተፈታኞች መናኸሪያ ነበር፤ ወንበር ለማግኘት በጠዋት ተነስቶ መሰለፍ ያስፈልጋል። የድሮ ዓመታት ጥያቄዎች በስቴንስል እየተባዙ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። መብራት በሌለበት ኩራዝና ጧፍ አለ። እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ቀዝቃዛ ውኃ በሳፋ ቀድተው እግራቸውን ነክረው የሚያጠኑ እንደነበሩ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቡናው፣ ቆሎው፣ ስለቱ፣ የእናት ጸሎት አይቀርም።

ይህን ሁሉ የሚተርኩልን ግን አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው። ወመዘክር አምሽቶ መመለስ ለሴት ልጅ ሌላ ጉዳይ ነው። እግርን በሳፋ ነክሮ ማንበብም ሳፋው ከልብስ አጠባ ሲተርፍ ነው። ከማኅበራችን አንጋፋ አባላት አንዷ በ1970ዎቹ እንዴት እንዳጠኑ ሲያጫውቱኝ፣ የሒሳብ ቀመሮችን በወረቀት ጽፈው ከቡሃቃው በላይ ጭቃው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ እንደነበር ነገሩኝ። እንጀራ ሲጋግሩ በአንድ ዓይናቸው ምጣዱን፣ በሌላው ቀመሩን ያያሉ። ጭሱ ወረቀቱን ስለሚያጠቁረው በየሳምንቱ መገልበጥ ነበረባቸው። «መገልበጡ ነው ያስጠናኝ» አሉኝ እየሳቁ። ፈተናውን አልፈዋል፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ነጥብ ግን አልመጣላቸውም። ወንድማቸው በዚያው ቤት፣ በዚያው ኩራዝ አጥንቶ ገብቷል። «ቂም አልያዝኩበትም፤ ግን እሱ ምጣድ አልነበረውም» ነው ያሉኝ።

በ1986 ዓ.ም. አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። የትምህርቱ አደረጃጀት ተቀይሮ ስምንት፣ ሁለት፣ ሁለት ሆነ። በ1993 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተጀመረ፤ በ1995 ደግሞ የ12ኛ ክፍሉ የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና። ማትሪክ የሚባለው በዚሁ አበቃ። የእኔ ትውልድ በዚህ ሥርዓት ያለፈ ነው። በአሥራ ስድስት፣ በአሥራ ሰባት ዓመታችን እርሳስና ላጲስ ይዘን ገብተን መልስ አጠቆርን፤ ማሽኑ አረመን፤ ከፊላችን ወደ መሰናዶ፣ ከፊላችን ወደ ቴክኒክና ሙያ ተበተንን። «10+1»፣ «10+2»፣ «10+3» የሚባሉት በዚያን ጊዜ የመጡ ናቸው። እኔ ወደ ሒሳብ አያያዝ ሄጄ በዲፕሎማ ተመረቅሁ። በሙያዬ አላፍርም፤ የዚህ ማኅበር መዝገብ በዚያ ዲፕሎማ ነው የሚያዘው። ነገር ግን ፖሊሲው መንገድ አበዛሁ ሲል፣ ብዙ ቤት ውስጥ የተሰማው «ወደቀች» የሚለው ቃል ነበር። ወደ ሙያ የተመደበች ልጅ እንደተመደበች ሳይሆን እንደተጣለች ተቆጠረች። ይህ የፖሊሲው ብቻ ሳይሆን የእኛም የሰፈርተኞች ጥፋት ነው።

በዚህ ዘመን ለሴቶች የመግቢያ ነጥብ ትንሽ ዝቅ እንዲል ይደረግ ነበር፤ ዛሬም ይደረጋል። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ምጽዋት ያየዋል። እኔ እንደ ሒሳብ ማስተካከያ ነው የማየው። ከላይ መዝገብ ላይ ጻፉት ያልኳችሁን ሃያ አራት ዓመት አስታውሱ። ወንድሙ ምጣድ ካልነበረው እህቱ ደግሞ ካላት፣ የሁለቱ ሃምሳ እኩል ሃምሳ አይደለም። ይሁን እንጂ ነጥብ ዝቅ ማለቱ በሩን እንጂ ውስጡን አይከፍትም። ዩኒቨርሲቲ ገብተው በመጀመሪያው ዓመት የሚመለሱ ሴት ልጆችን ስንቶቻችን እናውቃለን? መሠረቱ ካልተያዘ ማስተካከያው ዕዳውን ለሚቀጥለው ዓመት ማስተላለፍ ይሆናል።

ፈተናው እየተስፋፋ ሲሄድ እምነት ማጣትም አብሮ መጣ። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. መሰጠት የነበረበት የ12ኛ ክፍል ፈተና የእንግሊዝኛው ወረቀት በማኅበራዊ ሚዲያ በመውጣቱ ተሰረዘ። ሩብ ሚሊዮን ገደማ ተፈታኞች እንደገና እንዲቀመጡ ሆነ፤ በዚያን ሰሞን ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘግቶ እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። ሌሎች ዓመታትም ከኩረጃ ወሬ የጸዱ አልነበሩም። የኩረጃ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚነገረው በአገር ደረጃ ነው። በቤት ውስጥ ሲታይ ግን የሚጎዳው ልጅ ጥያቄ የሚገዛበት ገንዘብ፣ የሚለዋወጥበት ስልክ የሌለው ነው። ከእነዚህ መካከል የእኛ ልጆች አይጠፉም።

የ10ኛ ክፍል ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ቀጥሎ ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የ2012 ተፈታኞች ፈተናቸውን የወሰዱት በ2013 ዓ.ም. ነበር። ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው በጥቅምት 2015 ነው። በትምህርት ሚኒስትሩ በፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ዘመን ኩረጃን ለማስቆም ተፈታኞች በሙሉ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው፣ በዚያ አድረው እንዲፈተኑ ተደረገ። ማለፊያውም ከመቶ 50 ሆነ። በጥር ውጤቱ ሲወጣ አገሩ ደነገጠ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። ቀረብ ብለው ላልደረሱት የአቅም ማሻሻያ ወይም ሬሜዲያል የተባለው ትምህርት ተጀምሮ ብዙዎች በዚያ በኩል ሁለተኛ ዕድል አገኙ።

ስለዚህ ቁጥር ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ ፈተናው ጨካኝ ሆነ ይላል፤ ሌላው ድሮም ይህ ነበርን፣ ኩረጃው ሸፍኖን ነው ይላል። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ለዓመታት የተበላሸ ሒሳብ ይዞ ኖሮ ኦዲተር ሲገባ ጉድለቱ ይወጣል፤ ጉድለቱን ያመጣው ኦዲተሩ አይደለም። ነገር ግን ኦዲተሩ ከሄደ በኋላ ጉድለቱን የሚከፍለው ማን ነው? እስካሁን በብዛት እየከፈሉ ያሉት ልጆቹ ናቸው።

በዩኒቨርሲቲ ግቢ መፈተኑ ለሴት ልጆች ሁለት ፊት አለው። ብዙ ወላጆች ልጃቸውን ከቤት ርቃ እንድታድር ለመላክ ተጨንቀዋል፤ ፍርሃታቸውም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በሌላ በኩል ከማኅበራችን ልጆች አንዷ ከፈተና ስትመለስ ጠይቄያት የነገረችኝን አልረሳውም። ስለ ጥያቄዎቹ ሳይሆን ስለ ማታዎቹ ነበር ያወራችኝ። «አክስቴ፣ ራት ከበላን በኋላ ማንም ምንም አላዘዘኝም» አለች። ለአራት ቀን ያገኘችው ይህ ነገር የእቴጌ መነን ተማሪዎች ዓመቱን ሙሉ የነበራቸው ነው።

አሁን ወደ ማኅበራችን ጉዳይ ልምጣ። ለ12ኛ ክፍል ሴት ልጆች ከፈተናው በፊት ባሉት ሁለት ወራት አስጠኚ እንቅጠር የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን ያቀረቡት እህቶች በቅንነት ነው። ግን እስኪ እናስላው። በሳምንት ስድስት ሰዓት ለስምንት ሳምንት ቢሆን 48 ሰዓት ይሆናል። በሌላ በኩል አንዲት ልጅ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርት ቀን አንድ ሰዓት ብቻ ከሥራ ነጻ ብትሆን፣ ዓመቱን 200 የትምህርት ቀን ብለን ብንይዘው፣ እስከ 12ኛ ክፍል መጨረሻ 800 ሰዓት ይሆንላታል። ለአስጠኚ የሚከፈል ገንዘብ የለውም፤ የሚከፈለው ከእኛ ከእናቶች ጉልበት፣ ከወንድሞቿም ነው። ወንድ ልጅ ውኃ ቢቀዳ ዕቃም ቢያጥብ እጁ አይቆረጥም።

አስጠኚ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። በተለይ እንግሊዝኛና ሒሳብ ላይ ያስፈልጋል፤ የድሮ ጥያቄዎችን መሥራትም ከስቴንስሉ ዘመን ጀምሮ የጠቀመ ነገር ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከፊሉ ፈተና በኮምፒውተር እየተሰጠ ስለሆነ፣ ማውስ ይዛ የማታውቅ ልጅ ጥያቄውን እያወቀችው በመሣሪያው ልትዘገይ ትችላለች። በጽሕፈት ቤታችን በደጋፊዎች የተሰጡን ኮምፒውተሮች ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ተዘግተው ነው የሚያመሹት። የእኔ ሐሳብ ከተጠየቀው ገንዘብ ከፊሉ ለአስጠኚ ሆኖ የቀረው አዳራሹን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከአሥራ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት ለማስከፈት ይዋል የሚል ነው። የመብራቱን፣ የጥበቃውንና ልጆቹን በሰላም ቤታቸው የሚያደርስ ሰው አበል አስልቼ ለሥራ አመራር ኮሚቴው አቅርቤአለሁ። ልጆቹም ከ12ኛ ክፍል ብቻ ሳይሆን ከ9ኛ ጀምሮ ይገቡ።

ከአባላት የመጣው ተቃውሞ ተገቢ ነው። ጉልት የሚነግዱት እህቶቻችን ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው ገበያው የሚደራላቸው፤ ያኔ ልጅቷ ካልቆመችላቸው ማን ይቆማል? ለእነሱ የሚሆን መልስ ገና አላገኘሁም። ሁለት አባላት በፈረቃ ጉልት ለመጠበቅ ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውኛል። ሌሎች ሦስት ቢጨመሩ ሳምንቱ ይሸፈናል። ስማችሁን ለማስመዝገብ የምትፈልጉ በሥራ ሰዓት ሒሳብ ክፍል ታገኙኛላችሁ።